318ቱ ሊቃውንት አልከለከሉንም፦ የአባ ሰላማ መንበርና የ111 ጳጳሳት ዝርዝር

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «መምህር፣ ከአገር ውጭ ባለ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ለሐምሌ 26፣ ለአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በዓል፣ ከ330 ዓ.ም. ጀምሮ ከግብፅ የመጡልንን 111 ጳጳሳት በተራ የሚያሳይ ትልቅ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ልንለጥፍ ነው። ግን ከየቦታው የሰበሰብናቸው ዝርዝሮች እርስ በርስ አይገጥሙም። ልጆቹ ደግሞ ለምን 1600 ዓመት ሙሉ ከራሳችን ሰው አልተሾመም እያሉ ያፋጥጡኛል። እኔ የተማርኩት 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ ከልክለውን ነው የሚል ነው። ልክ ነው? ሀገረ ስብከቶቹስ ድሮ የት የት ነበሩ? አቡነ ባስልዮስን 112ኛ ብለን ብንጽፍስ?»

እህቴ፣ ሰንጠረዡን አሁን ባለበት መልኩ አትለጥፉት። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፣ በምን ብትተኩት እንደሚሻልም እላለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የእኛን ስጠቀም ዓ.ም. እላለሁ። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው በየቦታው የሚዞሩት ዝርዝሮች ላይ ብዙው ስህተት የሚመጣው ሁለቱን አቆጣጠር ከማደባለቅ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ የኒቅያውን ነገር እንጨርስ። እሱ ካልጠራ ሌላውም አይጠራም። ጉባኤው የተቀመጠው በ325 ነው። ያወጣቸው ቀኖናዎች 20 ናቸው። ስለ እስክንድርያ የሚናገረው 6ኛው ነው፤ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ እንደ ቀድሞው ልማድ በግብፅ፣ በሊብያና በአምስቱ ከተሞች ላይ ሥልጣን ይኑረው ይላል። አለቀ። አክሱም አልተጠቀሰችም። ልትጠቀስም አትችልም ነበር፤ ምክንያቱም ጉባኤው ሲቀመጥ አትናቴዎስ ገና ዲያቆን ነው፣ ሊቀ ጳጳሱን እለእስክንድሮስን ተከትሎ ነው ኒቅያ የሄደው፣ ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለአክሱም የሾመው ደግሞ ይኸው አትናቴዎስ ነው፣ በኋላ መንበሩን ሲይዝ። ገና ጳጳስ ላልተሾመለት አገር «ከራሳችሁ አትሹሙ» የሚል ሕግ ማን ያወጣል?

ክልከላው የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ከጉባኤው ብዙ መቶ ዓመት በኋላ፣ በዓረብኛ የሚዞር፣ ቁጥሩ ከ80 የሚያልፍ የቀኖና ስብስብ ነበረ፤ «የኒቅያ ቀኖና» ይባል እንጂ የኒቅያ አይደለም። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ የኢትዮጵያ ሰዎች ከራሳቸው ሊቃውንት መካከል ፓትርያርክ እንዳይሾሙና በእስክንድርያው ሥልጣን ሥር እንዲሆኑ ያዛል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል የተባለው ግብፃዊ ሊቅ በዓረብኛ ባዘጋጀው የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ይኸው ቃል ገባ፣ መጽሐፉ ወደ ግእዝ ተመልሶ ፍትሐ ነገሥት ሆነ፣ ከዚያ በኋላማ ማን ይከራከራል? ስለዚህ ያስተማሩሽ ሰዎች ዋሹ አትበይ። በእጃቸው በነበረው መጽሐፍ ላይ የ318ቱ ስም በግልጽ ተጽፎ ነበር። ስህተቱ የመጽሐፉ ምንጭ ላይ ነው።

እውነተኛው ኒቅያ ከነካንም የነካን በሌላ በኩል ነው፣ በ4ኛው ቀኖና። አንድ ኤጲስ ቆጶስ ሲሾም ቢያንስ ሦስት ኤጲስ ቆጶሳት ሊገኙ ይገባል ይላል። ይሄ ለሁሉም አብያተ ክርስቲያናት የወጣ ሕግ ነው፣ እኛን ለይቶ አይደለም። ግን የእኛን ታሪክ ያሰረው እሱ ነው። ይቺን ያዢልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ፍሬምናጦስ። ስለ እሱ ያለን ጥንታዊው ትረካ ሩፊኖስ የተባለ ላቲናዊ ጸሐፊ በ400ዎቹ መጀመሪያ የጻፈው ነው። ሩፊኖስ ታሪኩን ከመንገደኛ አልሰማም፤ ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ሰማሁ ይላል። ኤዴስዮስ የፍሬምናጦስ ዘመድና የጉዞ ጓደኛ ነው፣ በስንክሳራችን ሲድራኮስ የሚባለው፤ ወደ አገሩ ወደ ጢሮስ ተመልሶ ቄስ ሆኗል። እንደ ትረካው ሁለቱ ልጆች ሜሮፕዮስ ከሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ጋር በመርከብ ሲጓዙ ውኃና ስንቅ ፍለጋ ወደብ ያዙ። የአገሬው ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ስምምነት ፈርሶ ነበርና በመርከቡ ላይ ያለውን ሁሉ ፈጁ። ልጆቹ ግን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙና ታዘነላቸው። ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆነ። ፍሬምናጦስ የሂሳቡና የመዝገቡ ኃላፊ ሆነ። ንጉሡ ሲሞት ወራሹ ሕፃን ስለነበር ንግሥቲቱ ልጁ እስኪያድግ ድረስ አብረዋት እንዲያስተዳድሩ ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስ በዚህ ጊዜ ነው ለንግድ የሚመጡትን ክርስቲያን ሮማውያን እየፈለገ መጸለያ ቦታ እንዲያበጁ የረዳቸው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ላርም። አንደኛ፣ ፍሬምናጦስ ግብፃዊ አይደለም፤ የጢሮስ ሰው ነው፣ ያ ማለት ከዛሬዋ ሊባኖስ። ስለዚህ «111 ግብፃውያን» ስትሉ የመጀመሪያውን ስም ራሱ ተሳሳታችሁ። ሁለተኛ፣ ሩፊኖስ አገሩን «ሕንድ» ይለዋል። በዘመኑ የቀይ ባሕር አካባቢም በዚህ ስም ይጠራ ስለነበር አባ ሰላማ ሕንድ ሄዶ ነበር የሚል ጽሑፍ ብታገኙ እለፉት። ሦስተኛ፣ ክርስትና ወደ አክሱም የገባው ጳጳሱ ከተሾመ በኋላ አይደለም። ከጳጳሱ በፊት ነጋዴዎቹ ነበሩ፣ መጸለያው ነበር፣ ምእመን ነበር። ፍሬምናጦስ እስክንድርያ የወረደው ላለ ሕዝብ እረኛ ሊለምን እንጂ ራሱ ሊሾም አልነበረም፤ አትናቴዎስ ነው «ካንተ የተሻለ ማን ይገኛል» በሚል ስሜት እሱኑ ሾሞ የመለሰው።

ዓመቱስ? 330 ብላችሁ እርግጠኛ በሆነ መልክ አትጻፉ። ሩፊኖስ አትናቴዎስ ሹመቱን የሰጠው መንበሩን በያዘ ሰሞን ነው ይላል፣ አትናቴዎስ ደግሞ መንበሩን የያዘው በ328 ነው፤ በዚህ ከሄድን ባህላዊው 330 ከእውነት ሩቅ አይደለም። በሌላ በኩል ግን አንድ ደብዳቤ አለ። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ አርዮሳዊ ዝንባሌ ነበረው፣ አትናቴዎስንም አሳዶታል። በ356 ወይም በ357 ገደማ ለአክሱም ገዥዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስን ወደ ግብፅ ላኩት፣ በአትናቴዎስ ቦታ የተቀመጠው ጊዮርጊስ ይመርምረው አለ። ደብዳቤው ፍሬምናጦስ ማዕረጉን ያገኘው በብዙ ወንጀል ከተከሰሰው ከአትናቴዎስ መሆኑን ታውቃላችሁ፣ አላወቅንም አትበሉ ይላቸዋል። የአንዳንድ አጥኚዎች መከራከሪያ ሹመቱ 30 ዓመት ያስቆጠረ ቢሆን ኖሮ ንጉሠ ነገሥቱ ያን ጊዜ ባልተጨነቀበት ነበር የሚል ነው፤ ስለዚህ ከ346 በኋላ፣ አትናቴዎስ ከሁለተኛ ስደቱ ከተመለሰ ወዲህ ያደርጉታል። እኔ በግሌ ሁለቱም ያስኬዳሉ እላለሁ። ለግድግዳችሁ «በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ» ይበቃል።

ይሄ ደብዳቤ የደረሰን እንዴት እንደሆነ ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ ደስ ይላቸዋል። ያተረፈው ራሱ አትናቴዎስ ነው። ለንጉሠ ነገሥቱ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ደብዳቤውን ሙሉውን ገልብጦ አስገባው። ፍሬምናጦስንም «የአክሱም ኤጲስ ቆጶስ» ብሎ ይጠራዋል። ስለዚህ መንበሩ የት ነበር ላልሽው መልሱ ይኸው ነው፤ በዘመኑ ሰው፣ በሿሚው እጅ የተጻፈ። ከዚህ ላይ የኢዛናን ሳንቲሞች ብትጨምሩበት፣ የቀደሙት ላይ ያለው ጨረቃና ክብ በኋለኞቹ ላይ በመስቀል መተካቱን ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ።

አሁን ልጆቹ ወደሚያፋጥጡሽ ጥያቄ። መጀመሪያ ላይ ከእስክንድርያ መሾም ውርደትም ጥገኝነትም አልነበረም። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ከሌሎች ሊቃነ ጳጳሳት ይልቅ ሥልጣኑን አጥብቆ የያዘ ነው፤ በሥሩ ያሉትን ከተሞች ኤጲስ ቆጶሳት በሙሉ ራሱ ነበር የሚሾመው፣ በመሃል አውራጃ የሚመራ ሌላ ሊቀ ጳጳስ የለም። አርዮስን ለማውገዝ ከኒቅያ በፊት በተጠራው ጉባኤ ላይ እለእስክንድሮስ ከግብፅና ከሊብያ ወደ መቶ የሚጠጉ ኤጲስ ቆጶሳት እንደነበሩ ጽፏል። እነዚህ ሁሉ የተሾሙት እንደ ፍሬምናጦስ ነው። አክሱም ያኔ በአባይ ዳር ካለ ከተማ የተለየ ነገር አልተደረገባትም።

ለዚህ የሚያስደንቅ ማስረጃ ያለው ደግሞ እኛው ቤት ነው። ትግራይ ውስጥ ኡራ መስቀል ከሚባል ቤተ ክርስቲያን የተገኘ ጥንታዊ የግእዝ ብራና አለ። በውስጡ በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ በቀጥታ የተተረጎመ የእስክንድርያ ጵጵስና ታሪክ ይገኛል። በ3ኛው መቶ መጨረሻና በ4ኛው መቶ መጀመሪያ የነበሩት ሊቃነ ጳጳሳት ማንን ለየትኛው የግብፅ ከተማ እንደሾሙ በስም ይዘረዝራል፤ የሰው ስም፣ ከጎኑ የከተማ ስም። የግሪኩ ዋና ጽሑፍ ጠፍቷል። የግብፅን ሀገረ ስብከቶች ጥንታዊ ዝርዝር ከጥፋት ያዳነው የአክሱም ተርጓሚና ከእሱ በኋላ የገለበጡት የትግራይ ጸሐፊዎች ናቸው። ስለዚህ ዝም ብለን የምንቀበል ብቻ ነበርን የሚል ሰው ካለ ይሄን ይስማ።

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ቢሆን አክሱም ተቀባይ ብቻ አልነበረችም። ታሪክ ጸሐፊው ማላላስ እንደሚለው የአክሱም ንጉሥ በዛሬዋ የመን በነበረችው በሒምያር ላይ ድል ካደረገ በኋላ ጳጳስ እንዲሰጠው መልእክተኞች ላከ። መልእክተኞቹ እስክንድርያ ላይ ብዙ ፈልገው ዮሐንስ የሚባል ሰው መረጡ። የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ነበር፣ መናኝ፣ ዕድሜው 62 ገደማ። መራጮቹ የአክሱም ሰዎች እንደሆኑ ልብ በይ። በስልሳ ሁለት ዓመቱ በዚያ ዘመን መርከብ ቀይ ባሕርን መሻገር፣ ከዚያ ያን አቀበት መውጣት ምን እንደሚመስል አስቢው።

ታዲያ የት ላይ ነው የተበላሸው? ያችን ሦስት ኤጲስ ቆጶስ የምትለዋን ሕግ አሁን አምጫት። አርመኖችን ተመልከቺ። የእነሱ አብሪ ጎርጎርዮስ በ314 ገደማ የተሾመው በቂሳርያ ነው፣ በቀጰዶቅያ። ተከታዮቹም ለሹመት ወደዚያው ይሄዱ ነበር። ሊቀ ጳጳሳቸው ነርሴስ በ373 ከሞተ በኋላ ግን መሄዱን አቆሙ። 60 ዓመት ብቻ! የቻሉት ከእኛ ስለበለጡ አይደለም። በየመኳንንቱ ግዛት የራሳቸው ኤጲስ ቆጶሳት ስለነበሯቸው፣ እርስ በርስ ተሰብስበው ቀጣዩን መሾም ስለቻሉ ነው። አንድ ጳጳስ ብቻ ያለው አገር ግን ያ ጳጳስ ሲሞት ዘር እንደሌለው ጎተራ ባዶውን ይቀራል፤ ለቀጣዩ ዘመን የሚዘራው ነገር ከውጭ ነው የሚመጣው።

በአክሱም ዘመን ከዋና ከተማዋ ውጭ ጳጳስ እንደነበረ ምልክት አለ። ሙሴ የሚባል የአዱሊስ፣ የቀይ ባሕር ወደቧ፣ ኤጲስ ቆጶስ በአንድ የጥንት የግሪክ ጽሑፍ ተጠቅሷል። ያ መንገድ ቢሰፋ ኖሮ ታሪካችን ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። አልሰፋም። በ451 ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ተከፈለች፤ ሃይማኖት የሚያገናኘን ከእስክንድርያ፣ ከሶርያውያኑና ከአርመኖች ጋር ሆነ። ቀጥሎ በ641 እና 642 ግብፅ በዓረቦች እጅ ገባች። አዱሊስ ወደመች፣ የቀይ ባሕር ንግድ ከአክሱም እጅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጳጳስ ማስመጣት ማለት ከግብፅ ገዥ ፈቃድ መለመን ሆነ። ወርቅ፣ ስጦታ፣ መልእክተኛ፣ ዓመታት የሚፈጅ መጠበቅ።

ክልከላው በግልጽ የሚታየው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፣ በፓትርያርክ ዳግማዊ ገብርኤል ዘመን፣ ከ1131 እስከ 1145። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን የፓትርያርኮች ታሪክ ላይ በዝርዝር ተጽፏል። በኢትዮጵያ የነበረው ጳጳስ አቡነ ሚካኤል ይባላል። ንጉሡ ተጨማሪ ኤጲስ ቆጶሳት ሹምልኝ አለው። ጳጳሱ ያለ ፓትርያርኩ ፈቃድ ከተወሰነው ቁጥር፣ ከሰባት፣ ማለፍ አልችልም አለ። ንጉሡ ለፓትርያርኩም ለካይሮው ኸሊፋም ደብዳቤ ላከ። ኸሊፋው ለመፍቀድ አዘንብሎ ነበር፤ ፓትርያርኩ ግን ቁጥራቸው ከበዛ የራሳቸውን መሪ ይሾማሉ፣ ከዚያ በኋላ ከእስክንድርያ ምን ያስተሳስራቸዋል ብሎ አሳመነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምስክር አያስፈልግም። ንጉሡ መንገዱ የት እንዳለ ያውቃል፤ ፓትርያርኩም ያውቃል። ጉዳዩ የቁጥር ጉዳይ ነው።

ግን ጥፋቱን ሁሉ በግብፆች ላይ አትጫኑ፣ ይሄንን በተለይ ለልጆች ስታስተምሩ ተጠንቀቁ። የእስክንድርያው ፓትርያርክ በሌላ ሃይማኖት መንግሥት ሥር የሚኖር፣ ቤተ ክርስቲያኑ በየጊዜው የምትዘረፍበት ሰው ነበር። ኢትዮጵያ ለእሱ መከታ ናት። በእኛ በኩልም ነገሥታቱ ሁልጊዜ ነፃ መውጣት ፈልገዋል ማለት ውሸት ነው። ከውጭ የመጣ ጳጳስ ዘመድ የለውም፣ ርስት የለውም፣ ቋንቋውን አያውቅም፤ ከአንድ ባላባት ጋር ወግኖ ንጉሡን ለመገልበጥ አይመችም። ሕዝቡም የቅዱስ ማርቆስን መንበር ከልቡ ያከብራል። የዕለት አስተዳደሩን ደግሞ እጨጌው፣ የደብረ ሊባኖሱ አበምኔት፣ ይዞታል። ለዚህ ነው ነገሩ ለዘመናት የቆመው። የሁለቱም ወገን ጥቅም ነበረበት።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ጳጳስ ከሌለ ቄስ አይሾምም፣ ዲያቆን አይሾምም፣ ታቦት አይባረክም። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፓትርያርክ ቆዝሞስ እስከ ፓትርያርክ ፊሎቴዎስ ድረስ የአምስት ፓትርያርኮች ዘመን ያህል ጳጳስ አልተላከልንም። መነሻው አቡነ ጴጥሮስን በተጭበረበረ ደብዳቤ ያፈናቀሉ ሁለት መነኮሳት የፈጠሩት ጣጣ ነው። እኛ ዮዲት ጉዲት የምንላት ንግሥት አገሩን ስታጠፋ ንጉሡ መከራው የመጣብን ለጳጳሱ በተሠራው በደል ነው ብሎ በኖብያው ንጉሥ በጊዮርጊስ በኩል ምልጃ ላከ፤ ፊሎቴዎስም ዳንኤል የሚባል የአቡ መቃር ገዳም መነኩሴ ሾሞ ላከ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከነበሩት ጳጳሳት በኋላ፣ ከ1458 እስከ 1481፣ አገሪቱ ያለ ጳጳስ ቀረች። በ1520ዎቹ ከፖርቱጋሎች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ አቡነ ማርቆስ በአንድ ጊዜ ሺዎችን ክህነት ሲሰጡ አይቷል፣ ዲቁና ከሚቀበሉት መካከል የሚያለቅሱ ጨቅላ ሕፃናት ሳይቀሩ። ሰው አንዴ የተገኘ ጳጳስ መቼ እንደሚደገም አያውቅማ!

እንግዲህ ከላይ ያልኩት ሁሉ ዝርዝራችሁ ለምን እንደማይገጥም ይነግርሻል። ክፍተቶች አሉ። የተባረሩ አሉ፣ በአጭበርባሪ የተተኩ አሉ፣ ሁለት ሆነው አብረው የመጡ አሉ፤ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል በ1438 አንድ ላይ ነው የመጡት፣ እነሱን እንደ አንድ ነው የምትቆጥሩት ወይስ እንደ ሁለት? በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ሶርያውያን ጳጳሳት ነበሩ፤ ግብፅ አልተቀበለቻቸውም። በእጃችን ያሉት የስም ዝርዝሮች ብዙ ቆይተው የተጻፉ ናቸው፣ በቁጥርም በቅደም ተከተልም አይስማሙም። 111 የሚለው ቁጥር በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የተከበረ ነው፣ «በትውፊት» ብላችሁ መጥቀስ ትችላላችሁ። ግን 111 ሳጥን ሠርታችሁ በእያንዳንዱ ውስጥ ስምና ዓመት ከሞላችሁ የማይታወቀውን እንደሚታወቅ አድርጋችሁ ለልጆች እያስተማራችሁ ነው።

ሀገረ ስብከቶቹን በተመለከተ አጭሩ መልስ፦ ዛሬ በምናውቀው መልክ አልነበሩም። አብዛኛውን ጊዜ መላው ኢትዮጵያ የአንድ ጳጳስ ሀገረ ስብከት ነበረች። የሚኖረውም ከቤተ መንግሥቱ ጋር ነው፣ ድንኳኑ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ጎንደር ስትቆረቆር የጳጳሱ ሰፈር አቡን ቤት፣ የእጨጌው ሰፈር እጨጌ ቤት ተባለ፤ ስሞቹ እስከ ዛሬ አሉ። አገሪቱን ለጳጳሳት የመከፋፈል ነገር በደንብ የሚታየው በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። በ1881 አራት ጳጳሳት በአንድ ጊዜ አስመጡ። አቡነ ጴጥሮስ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ቀሩ፣ አቡነ ማቴዎስ ወደ ሸዋ ሄዱ፣ አቡነ ሉቃስ ጎጃም፣ አቡነ ማርቆስ ወደ በጌምድር። አራቱም ግብፃውያን ናቸው።

ከራሳችን ሰዎች ሹመት የተገኘው በ1929 ነው። ግብፃዊው አቡነ ቄርሎስ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ሲመጡ ካይሮ ላይ አራት ኢትዮጵያውያን ተሾሙ፦ አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ። በዓመቱ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ራሳቸው አዲስ አበባ መጥተው እጨጌውን አቡነ ሳዊሮስ ብለው ሾሙ። አምስት ጳጳሳት፤ የሦስቱ ሕግ ተሟላ ማለት ነው። ግን ሌላ ጳጳስ ላይሾሙ ቃል እንዲገቡ ተደርገው ነበር። ያ የዳግማዊ ገብርኤል ስጋት ከ800 ዓመት በኋላም እዚያው ነው። ከእነዚህ አምስቱ አቡነ ጴጥሮስና አቡነ ሚካኤል በ1936 በፋሺስት ኢጣልያ ተገደሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ የተረሸኑትን አቡነ ጴጥሮስን ልጆቻችሁ በሐውልታቸው ያውቋቸዋል፤ የሰማዕቱ ጳጳስ ሹመት ገና የ7 ዓመት ዕድሜ እንደነበረው ግን ብዙ ሰው አያስተውልም።

ከጦርነቱ በኋላ ድርድሩ ቀጠለ። በሐምሌ 1948 ስምምነት ተፈረመ፣ አቡነ ቄርሎስ ሲያልፉ ኢትዮጵያዊ እንዲተካቸው። እሳቸው በ1950 አረፉ። አቡነ ባስልዮስ በጥር 1951 ካይሮ ላይ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ ዋናው ነገር ማዕረጉ ብቻ አልነበረም፣ ኤጲስ ቆጶሳትን የመሾም ሥልጣን አብሮ መጣ። በሰኔ 1959 ደግሞ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በቄርሎስ 6ኛ እጅ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ። በ1971 አቡነ ቴዎፍሎስ ሲሾሙ ሥርዓቱ የተፈጸመው አዲስ አበባ ነው፣ በኢትዮጵያውያን ጳጳሳት።

የምመክርሽ እንግዲህ ይሄን ነው። የ111ዱን ሰንጠረዥ ተዉት። በምትኩ አንድ ረጅም የጊዜ መስመር ሥሩ፣ በዘመኑ ወይም በቅርብ ጊዜ ጽሑፍ የተመሰከረላቸውን ብቻ አስፍሩበት፦ ፍሬምናጦስ፣ የአዱሊሱ ሙሴ፣ ከእስክንድርያ የተመረጠው ዮሐንስ፣ የ10ኛው መቶ ጴጥሮስና ዳንኤል፣ ሰባትን አላልፍም ያለው ሚካኤል፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብዙ መጻሕፍት በማስተርጎም የታወቀው አቡነ ሰላማ መተርጉም፣ ሚካኤልና ገብርኤል፣ ማርቆስ፣ በመቅደላ እስር ቤት በ1867 ያረፉት አቡነ ሰላማ፣ የ1881 አራቱ፣ የ1929 እና 1930 አምስቱ። ጳጳስ ያልነበረባቸውን ዘመናት በሌላ ቀለም አሳዩ፣ ባዶ ብላችሁ አትዝለሉ፤ ልጆቹ በጣም የሚጠይቁት እዚያ ላይ ነው። ሁለቱን አባ ሰላማዎች፣ ከሣቴ ብርሃንንና መተርጉምን፣ እንዳታደባልቁ፤ በመሃላቸው አንድ ሺህ ዓመት አለ። ሦስተኛውም በ19ኛው መቶ አለ።

አቡነ ባስልዮስን 112ኛ ብላችሁ አትጻፉ። ቁጥሩ በእሳቸው እንደገና ይጀምራል፤ አንደኛ ፓትርያርክ ናቸው፣ የአሁኑ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ ስድስተኛ የሚባሉትም በዚሁ አቆጣጠር ነው።